አባባ ታገሺ ይልሻል

ካርቱም ባሕሪ፣ ጥቅምት 1990 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለሉጥፊያ ሀሰን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ነሽ? ባለቤትሽ ኢክሪማስ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤሽን የያዘው ሰው ገዳሪፍ ላይ ብዙ ስለቆየ መልሴ ዘገየ፤ አፉ በይኝ።

«እንግሊዟ መኪናችን አሁንም በቁልፍ ትነሣለች ወይ?» ብለሻል። ጠዋት ጠዋት ትነሣለች። ፀሐዩ ከበረታና ሞተሩ ከጋለ በኋላ ካጠፋናት ግን ኸላስ፣ እስክትቀዘቅዝ አትንቀሳቀስም። ባለፈው ጁምዓ አባባ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ወደ ሆስፒታል ሲሮጥ ኩብሪው፣ ድልድዩ መሀል ጠፋችበት። ቁልፉን ሲያዞር «ቀጭ» ትልና ዝም። ከኋላው ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሴትዮዋ ትጮሃለች። ወታደሮች ገፍተው ድልድዩን አሻገሩት። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፤ አባባ ግን ያን ቀን እራት አልበላም።

ወርሻው፣ ጋራዡ ያለው የመኪና መብራት ሠሪ አንድ ሐሳብ አለው። «ያ ሀሰን፣ ይሄ የሞተር ማስነሻ ሰልፍህ ካንተ ጋር አርጅቷል። ከጃፓን መኪና የወጣ ትንሽ ሰልፍ ልግጠምልህ። ክብደቱ ግማሽ ነው፣ ባትሪ አይጨርስም፣ ቢግልም ያዞራል» ይለዋል። አባባ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «የበሬ ልብ አውጥተህ የፍየል ልብ ብትከትበት ያርሳል?»

ቤት ስንደርስ ግን ክንዱን እያሸ፣ «ሰውዬው ውሸቱን አይደለም። ሞተሩን በእጅ የሚያስነሣውን ማኖቬላ ማዞር አቅቶኛል። ለሉጥፊያ ጻፍላት፤ እሷ ያለችው ይሆናል» አለኝ። ቀጥሎ ያለውንም እንድጽፍ አስገድዶኛል። «ሙስዐብ ከመሪዋ በቀር የመኪና አካል አያውቅም። እኔ ወንድ ልጄን ያሠለጠንኩ መስሎኝ ሴቷን አሠልጥኜ ለኮምቦልቻ ሰጠኋት።»

ወንድምሽ ሙስዐብ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 1990 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙስዐብ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። አባባ የአማርኛ ፊደል ስለማይለይ አፉም ጆሮውም አንተ ነህና ይህን ቀስ ብለህ አንብብለት፤ ሲያቋርጥህም አትቆጣ።

አባባ፣ እዚህ ሰልፉን ሞተሪኖ ነው የሚሉት። የወርሻው ሰው ያለው ልክ ነው። የድሮው ከባድ ነው፣ ባትሪ ይጠጣል፣ ሲግል ይደክማል። የጃፓኑ ውስጡ ተጨማሪ ጥርስ ስላለው በትንሽ ጉልበት ብዙ ያዞራል። ግን ጥርሱ ከሞተሩ ትልቅ ጥርሳም ክብ፣ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ካልተናበበ ቮላኖውን እየላጠ ይጨርሰዋል፤ ያኔ ደግሞ ሞተሩ ካልወረደ መድኃኒት የለውም። ለመግጠም ብለው ሰውነቷን ቢበሱት ብሱ አይደፈንም፤ በሞተሩና በሞተሪኖው መሀል ብረት ቀርጸው ያስገቡ እንጂ እሷን እንዳይነኳት። ከሁሉ በፊት ግን ከባትሪው የሚመጣውን ገመድ እዩት። ሞተሪኖ ሞተ የሚባለው ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው። ከዚያ ካርቦኑንና ቡሹን።

ልጅ ሆኜ ቢሆን «የራሷ ይቆይላት» እል ነበር። አሁን የማስበው ያንተን ክንድ ነው። ይለወጥ። አሮጌው ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ሙስዐብ፣ ረመዳን ሳይገባ ወርሻ ውሰዳት፤ አባባ ማኖቬላ እንዳይነካ። በዚያ ዕድሜ ማኖቬላው ቢመልስበት ክንዱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው።

ከዚህ በታች ያለውን በሩን ዘግተህ ለአባባ ብቻ አንብብለት።

አባባ፣ ኢክሪማ ሌላ ሚስት አግብቷል። ሸሪዓው ይፈቅድለታል፤ በዚያ ከሰሰችው አትበል። እሷም ምስኪን ልጅ ናት። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በጥቂት ነገር ይቆጣል፣ እጁም ይቀድመዋል። ሰው ፊት ሲሆን ጨዋ ነው፤ ስለዚህ ለማን ብናገር ማን ያምነኛል? ልምጣ? ወይስ ልታገሥ? አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ።

ልጅህ ሉጥፊያ


ካርቱም ባሕሪ፣ የካቲት 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሉጥፊያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳኑም ዒዱም በሰላም አለፈ፣ አልሐምዱሊላህ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሱቄን ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሳዛውር ጊዜ አጣሁ።

ደብዳቤሽን አነበብኩለት። ሰልፉ እንዲለወጥ ተስማምቷል። ስለ ሌላው ጉዳይ አባባ ታገሺ ይልሻል። «ሴት ልጅ ክብሯ በቤቷ ነው፤ የወንድ ቁጣ እንደ ጭስ ያልፋል። አሁን መንገዱም ድንበሩም መጥፎ ነው፣ እንዳትነሺ» ብሏል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ አሮጌ መኪና የሚያውቅ ሰው እንግሊዟን ቢያያት፣ የድሮው ሰልፍ አብሯት መኖሩ ከፍ ያደርጋታል? ወይስ በአንድ ቁልፍ መነሣቷ ይበልጣል? አባባ ነው ማወቅ የፈለገው።

ወንድምሽ ሙስዐብ


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 1990 ዓ.ም.

ለውድ አባቴና ለወንድሜ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጽሑፌ ስለተጣመመ አትታዘቡኝ፤ ቀኝ እጄን ትንሽ አሞኝ በግራዬ ነው የምጽፈው። ይሻለኛል።

አባባ፣ መልስህን ሰምቻለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ትላለህ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ደብዳቤውን አስቀምጬ ተነሣሁ፣ ተመልሼ መጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ግን አንተ ካልክ ነገሩን ከሩቅ አይተኸው ነው። እታገሣለሁ። ሻንጣዬን አውጥቼ ነበር፤ መልሼ ቁም ሳጥኑ ላይ አድርጌዋለሁ።

ስለ ሞተሪኖው ለጠየቅከው፦ የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል። ሊነዳት የሚወድ አዲሱ ይሻለዋል፤ እንደ ጌጥ ሊያያት የሚወድ የድሮውን ይጠይቃል። ለዚህ ነው አትብሷት ያልኩት። ሳትበሳ ከተገጠመ ማንም ሰው በፈለገው ቀን የድሮውን መመለስ ይችላል። የድሮውን ግን በደንብ አጽድታችሁ፣ ጥርሱን ዘይት ቀብታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት። ደግሞ ለምንድን ነው የምትጠይቀው አባባ? እንግሊዟን ማን ሊያያት ነው?

ሙስዐብ፣ አንድ ውለታ እለምንሃለሁ። እዚህ ያሉ ሰዎች ዘመዶቻቸው ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይልኩላቸዋል። አባባን አስቀምጠህ ቅዳልኝ። ምንም ይበል፤ ወርሻውን ይሳደብም። ድምፁን ብቻ መስማት ፈልጌ ነው።

ሉጥፊያ


ካርቱም ባሕሪ፣ መስከረም 1991 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሉጥፊያ፤

ስለ ባሕሪው ፍንዳታ ሰምተሽ እንደምትደነግጪ ገብቶኛል። የመድኃኒት ፋብሪካው በሚሳይል ሲመታ መስኮታችን ተንቀጠቀጠ እንጂ ወላሂ ሁላችንም ደህና ነን። አትጨነቂ።

ካሴቱን ለመቅዳት ሞክሬ ነበር። አባባን ሳል ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፤ ሲሻለው ኢንሻአላህ እልካለሁ።

ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ፦ አዲሱ ሰልፍ ገብቷል! አንቺ እንዳልሽው መሀል ላይ ብረት ቀርጸው ነው ያስገቡት፤ አንድም ቦታ አልተበሳችም። የመኪና መብራት ሠሪው «ይህን ማን ነገራችሁ?» አለን። በጠራራ ፀሐይ አንድ ጊዜ ቁልፉን ነካ ሳደርገው ተነሣች። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ እንደ ልጅ ሳቀ።

ስለ ቤትሽ ጉዳይ፣ አሁንም ታገሺ ይልሻል።

ሙስዐብ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 1991 ዓ.ም.

ሙስዐብ፤

የባሕሪዋ ጎረቤታችን ዘሃራ እዚህ ያሉ እናቷን ልትጠይቅ ከካርቱም በአውሮፕላን መጥታ ትናንት ቤቴ ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። የሞተባት ሰው ያለ መስሎኝ ላጽናናት ተነሣሁ። እሷ ቀድማ አቀፈችኝና፣ «ሉጥፊያዬ፣ አላህ ይዘንለት፤ ላንቺ ብቻ አይደለም፣ ለኛም አባት ነበር» አለችኝ።

«የማን አባት?» አልኳት።

እጇ ትከሻዬ ላይ ደረቀ። «አልሰማሽም እንዴ? ያረቢ! ረመዳን ሊገባ ሲል እኮ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ሐሰት ነው» አልኳት። «መስከረም ላይ ደብዳቤ ጽፎልኛል። አዲስ ሞተሪኖ ገብቶለት ሲስቅ ነበር።» ያንን ደብዳቤህን አምጥቼ አሳየኋት። ዘሃራ አንብባ ስትጨርስ አላለቀሰችም፤ እኔን ማየት ፈራች። እንግሊዟም እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር አንድ ሀብታም ግቢ ውስጥ እንዳለች የነገረችኝ ያኔ ነው።

ታዲያ ማን ነው የሳቀው፣ ሙስዐብ?


ካርቱም ባሕሪ፣ ጥር 1991 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፤

አላህ ያጽናሽ፤ አላህ ያጽናን። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም።

መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ይህን ካንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እናታችን ስትሞት ላንቺ የተነገረሽ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ሰው ከቦሽ ነው። ብቻሽን ቆመሽ ከወረቀት ላይ አንብበሽ እንድትወድቂ ነበር የምትፈልጊው? የሚያረዳሽ ሰው እስኪገኝ ብዬ ነው። ድንበሩ ዝግ ነበር። አንድ ወር ሲል ሁለት ወር፣ ከዚያ ለመናገር አፈርኩ።

ስለ መኪናዋ፦ የገዛት ሰው መኪና አዋቂ ነው። ዳስ ሠርቶላታል፣ በየሳምንቱ ያስነሣታል። ወርሻ ጥግ ዝጋ ከምትቀር ይሻላል ብዬ ነው። ድርሻሽን አስቀምጬልሻለሁ፤ ሰው ላኪና ውሰጂ።

ሱቁ አልሄደልኝም ነበር፣ ሉጥፊያ። ባለቤቴም አርግዛለች። አንድ ደም ነን፤ አትጨክኚብኝ።

ሙስዐብ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 1991 ዓ.ም.

ሙስዐብ፤

ወንድሜ ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ።

መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ እውነትህን ነው። ሙትስ በወረቀት ይናገራል? ዝም ብትለኝ ኖሮ ወግ ጠበቅህ እል ነበር። አንተ ግን ዝም አላልክም። አባባን ከመቃብር አውጥተህ አስተያየት ጠየቅከው።

መኪናዋን «ከሞትኩ የሉጥፊያ ናት» ብሎ አንተ ባለህበት ተናግሯል። እሱም ይቅር። ስለ ሞተሪኖው ያን ሁሉ ስጽፍልህ ለአባቴ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መኪናዬን ለሰው አሰማምሬ እየሸጥኩልህ ኖሯል። ድርሻ ያልከውን ለሚወለደው ልጅህ አድርገው። እሱ ምንም አላደረገኝም።

እኔ ሌላ ነገር ነው የምጠይቅህ። በሩን ዘግተህ አንብብለት ያልኩህን አንብበህለታል? «ታገሺ» ያለኝ ማን ነው?

በዚያች ቃል ነው ኢክሪማ ቤት የከረምኩት። የዚያን ጊዜ እጄን አሞኝ አልነበረም፤ ተሰብሮ ነው። በር ላይ ቆሜ ልወጣ ስል ተመለስኩ። «አባባ እንዳትነሺ ብሏል» ብዬ። ጎረቤቶች ውጪ ሲሉኝ «አባቴ ያለውን አልጥስም» ብዬ ተከራከርኳቸው። በኩራት ነበር የምናገረው፣ ታውቃለህ? አባቴ ከሩቅ ሆኖ የሚያስብልኝ መስሎኝ።

አሁን ወጥቻለሁ። ዘሃራ እናት ቤት ነኝ። ኢክሪማ ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹ እጄን ሲያዩ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

የአባባን የራሱን ቃል ጻፍልኝ። አንድ ቃልም ቢሆን። ያንተን አትቀላቅልበት።

ሉጥፊያ


ካርቱም ባሕሪ፣ ሚያዝያ 1991 ዓ.ም.

ሉጥፊያ፤

ይህን ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

ደብዳቤሽ የደረሰው ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። በሩን ዘግቼ አነበብኩለት። ስለ ሞተሪኖው ሳነብ ራሱን እየነቀነቀ «የኔ ልጅ፣ የኔ ልጅ» ይል ነበር። ከታች ያለውን ስጨርስ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። ተነሥቶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«እንግሊዟን አስነሣ። ገዳሪፍ እንሄዳለን፣ ከዚያ ድንበሩ።»

«አባባ፣ ድንበሩ ዝግ ነው።»

«ዝግ ከሆነ እስኪከፈት በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ልጄ ልምጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ እኮ! ይህን እስክትጠይቅ ድረስ ምን ያህል ብትቸገር ነው?»

መልስሽ እስኪመጣ አሮጌውን ሰልፍ ወርሻ ወስጄ አሠርቼዋለሁ ብዬው ነበር። አልወሰድኩትም። ወርሻ ነኝ እያልኩ ገበያ ነበር የምውለው። ያን ቀን ቁልፉን አዞርኩት፤ ቀጭ ብላ ዝም። ፊቱን አላየሁም። «ነገ ሰው ጠርተን ገፍተን እናስነሣታለን» ብዬው ወደ ሱቄ ሄድኩ። እስከ ነገ ይረሳዋል ብዬ።

እሱ አልጠበቀም። ማኖቬላውን አውጥቶ ብቻውን ሊያስነሣት ሲታገል ደረቱን ይዞ ወደቀ። ስመለስ ግቢው ሰው ሞልቶ ነበር። የዘሃራ ባል ጭንቅላቱን ደግፎታል፤ ስንቅም ልብስም የቋጠረባት ትንሽ ከረጢት ከኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ለኔ አንድ ቃል ብቻ አለኝ፦ «ሂድላት።»

ታገሺ አላለም። አንድም ቀን አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ። ብትመጪ ይህን ትሰሚ ነበር፤ መኪናዋንም አታሸጪኝም ነበር። የቱን ይበልጥ እንደፈራሁ አላውቅም።

አንዴ ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ ቀላል ሆነ። ወላሂ እጠይቀው ነበር፣ የሚመልስልኝ ይመስለኝ ነበር።

አልሄድኩልሽም።

ሙስዐብ


መተማ፣ ሰኔ 1991 ዓ.ም.

ሙስዐብ፤

ድንበሩ ተከፍቷል። ዘሃራ አብራኝ ናት። ነገ የጭነት መኪና አግኝተን እንሻገራለን። ካርቱም እሷ ቤት አርፋለሁ፤ እዚያው ዐማራት ሰፈር ውስጥ ሥራ ጠይቃልኛለች። ይህን የምጽፍልህ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ነው። እኔ እንደዚያ አልወድም።

ገዳሪፍ ድረስ ልቀበላት ብለህ ለዘሃራ ባል እንደነገርከው ሰምቻለሁ። አትምጣ። እኔን ሊያመጣ የተነሣ ሰው ነበረኝ፤ በሱ ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ ማየት አልፈልግም። መቃብሩን የዘሃራ ባል ያሳየኛል።

የጻፍክልኝን አነበብኩት። አለቀስኩ፤ ግን ከኅዳሩ ለቅሶ ይለያል። «እስኪከፈት በሩ ላይ እቀመጣለሁ» ያለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ይሄ የሱ እንደሆነ አወቅሁ። አንተ አትችለውም፣ እንዲህ ያለ ቃል። ስለ ሰጠኸኝ አመሰግናለሁ ልል አልችልም፤ የራሴ ነበርና።

ሱቅ የመዋልህን፣ የማኖቬላውን ነገር ለማንም አልናገርም። እሱ ባንተና በአላህ መካከል ነው። ሽማግሌም አትላክብኝ። ልጅህ በሰላም ሲወለድ በዘሃራ በኩል ብሰማ እወዳለሁ። አንድ ቀን መጥቼ እስመው ይሆናል፤ ቀኑን ግን አትጠይቀኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። ለመቅጣት ብዬ አይደለም። ካገባሁ ወዲህ አባባ ለኔ የተናገረው ሁሉ ባንተ የእጅ ጽሑፍ ነው የደረሰኝ። እውነቱም ሐሰቱም። አሁንም ፖስታ ላይ ስሜን ጽፈህ ሳይ ልቤ ቀድሞ «አባባ!» ይላል። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሉጥፊያ ሀሰን